የአባቴ ደምና የእናቴ ቅቤ

አባቴ ቅቤ ነጋዴ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚኤሶ ሴቶች በባልዲና በቅል የሚያመጡለትን ቅቤ ጭሮ ከተማ ባለው ሱቃችን ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይቀበላል። ቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ ባልዲው ሥር ይሰድና አውጥቶ ያሸታል። ላዩ ጥሩ ሆኖ ውስጡ የተቀላቀለ ከሆነ በአንድ ማሽተት ይለየዋል። ከሴቶቹ መካከል አንዲት ምላሰኛ ነበረች።

"አቦ፣ ይሄን አፍንጫህን ሸጠህ ለምን አንገላገልም?" ትለዋለች።

እሱም ስንጥሩን እያበሰ፣ "አፍንጫዬን ከሸጥኩማ ያንቺን ቅቤ መግዛቴ ነው" ይላታል። ሌሎቹ እስኪደክማቸው ይስቃሉ።

እናቴ ከውስጥ ሆና ቅመም ትሸጣለች። ሁለቱም ከስልጤ መጥተው እዚህ የከተሙ ናቸው፤ ሴት ልጃቸው እኔ ግን የተወለድኩት እዚሁ ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ሱቅ ገባሁ። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ሥራዬ መመዘን፣ መቋጠርና መጥረግ ነበር። መናገሩን ለእነሱ ትቼላቸው ነበር። እነሱም አይሰለቻቸውም።

የአባቴ ሕመም የታወቀው በአፍንጫው ነው። አንድ ቀን የገዛውን ቅቤ እናቴ ልታነጥር እሳት ላይ ስትጥደው ግማሹ ነጭ አረፋ ሆኖ ተንሳፈፈ። የተቀላቀለ ነበር።

"ምን ሆነህ ነው?" አለችው። "ይሄን እኮ ሕፃን ልጅም ይለየዋል።"

አባቴ ባልዲውን አንስቶ አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ። "እኔ እንጃ" አለ። "ሰሞኑን ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ነው የሚሸተኝ። ሽንት ሽንት ነው የሚለኝ። አፌ ውስጥም ብረት የጎረስኩ ይመስለኛል።"

እናቴ ጉንፋን ነው ብላ አጥሚት አፈላችለት። ከዚያ እግሩ አበጠ፤ ጣቴን ስጭነው ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ሰውነቱን ሌሊትና ቀን ያሳክከው ጀመር። ደሙን ሲመረምሩት ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል አሉን። የደም ግፊት እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ መድኃኒቱን ግን ራሱን ሲያመው ብቻ ነበር የሚውጠው። ግፊቱ ቀስ እያለ በልቷቸዋል።

እንዲህ ሆኖ የኩላሊት እጥበት ጀመረ። ለዚያ ሐረር ድረስ መሄድ ነበረብን። ገና ሳይነጋ ከመናኸሪያ በሚኒባስ ተነስተን፣ ሂርናን አልፈን፣ ቁልቢ ላይ ፀሐይ ወጥታ ታገኘናለች። እናቴ ሱቁን ስለማትለቅ አብሬው የምሄደው እኔ ነበርኩ። ደሙ በቀጭን ቱቦ ወጥቶ፣ በማሽኑ ዞሮ፣ በሌላ ቱቦ ይመለሳል። አባቴ የመጀመሪያውን ቀን ከፈራ በኋላ ለመደው። "ደሜ ሽርሽር ሄዶልኛል" ይለኝ ነበር፤ "እስኪመጣ እንተኛ።"

አንድ ቀን እናቴ ልየው ብላ አብራን መጣች። የዚያን ቀን ተረኛ የነበሩት ሐኪም የምርመራውን ወረቀት እያዩ፣ "የደም ስቡም ከፍ ብሏል። ጨውና ቅባት ቀነስ አድርጉለት" ብለው ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ። ሌላ ምንም አላሉም። ቀነስ አድርጉ ነው ያሉት።

እናቴ ግን የሰማችው ስብ የሚለውን ብቻ ነው። ስንመለስ እስከ ሂርና አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሂርና ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ሲቆም፣ "እኔ ነኝ" አለች።

"ምኑን ነው አንቺ የሆንሽው?" አላት አባቴ።

"የነጠረ ቅቤ ሲበርድ እንዴት እንደሚረጋ አታውቅም? ዕድሜህን ሙሉ ቅቤ ያበላሁህ እኔ ነኝ። ኩላሊትህ ሄዶ ረግቶ ነው የደፈነህ።"

አባቴ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ልጅ ሆና ጀምሮ ቅቤ ስታነጥር የኖረች ሴት ናት፤ ትኩስ ቅቤ እንደ ውኃ በጠባብ አፍ እንደሚገባ፣ ሲረጋ ደግሞ በሽቦም እንደማይወጣ በእጇ ታውቃለች። ስለ ኩላሊት የነገራት ሰው አልነበረም። ያላትን እውቀት ይዛ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤ ከቤታችን ወጣ። የሚሸጠውንም ሳይቀር ጎረቤት መጋዘን አስገባችው፤ ሽታው እንዳይፈትነው ብላ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዘይት ሁሉም ተከለከለ። አባቴ የሚበላው የማሽላ ገንፎ ያለ ምንም ነገር፣ የተቀቀለ ጎመን ያለ ምንም ነገር ሆነ። ከዊጆም ወጣች። ዊጆ ማለት የአገራችን ሴቶች በየተራ ለአንዷ ቅቤ የሚያዋጡበት ማኅበር ነው፤ ለአረፋ በዓል እንዲደርስ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ። እናቴ ከሁሉም በፊት የምትሰጥ ነበረች። ሴቶቹ መጥተው ቢለምኗት፣ "ባሌን የገደለ ነገር እጄ ላይ እንዲታይ አልፈልግም" አለቻቸው። አባቴ ግን በሕይወት አለ፤ ጓዳ ውስጥ ተኝቶ ይሰማት ነበር።

"ገና አልሞትኩም እኮ!" ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ሳቅና ልቅሶ ተምታታባቸው።

አባቴ ሌላውን ሁሉ ቻለው። ቆዳው ሲደርቅና ማሳከኩ ሲብስበት ግን አንድ ቀን፣ "በቃ ቅቤውን አልበላም፤ ራሴን እንኳን ትንሽ ቀቢኝ" አላት።

"በራስህ በኩል ይገባል።"

"ወዴት ነው የሚገባው?"

"ወደ ደምህ ነዋ! ስትቀባ እስከ አንገትህ ይወርድ የለም እንዴ? ወደ ውጭ የወረደ ወደ ውስጥ ላለመውረድ ማን ይከለክለዋል?"

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ሐኪም ቤት በከንቱ እየሄድን ነው ልጄ፤ ሐኪሟ እዚህ ነበረች" አለ። ከዚያ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ማከክ ጀመረ። አልተጣላትም። እሷም እንደዚያ የምትከለክለው እንዲኖርላት እንደሆነ ያውቅ ነበር። ማታ እሱ ሲተኛ እጁን ይዛ ዱዓ ስታደርግ እሰማታለሁ፤ ያ አላህ፣ የእኔን ጥፋት በእሱ አታድርገው ትላለች።

አባቴ አንድ ጓደኛ አለው፤ ከገለምሶ ጫት የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር ነው። መጥቶ እግሩ ሥር ይቀመጥና፣ "ወላሂ፣ እኔ ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ በጎመን ውኃ የሚኖር ቅቤ ነጋዴ ግን አንተን ብቻ ነው ያየሁት" ይለዋል። አንድ ጊዜ የተጠበሰ ሥጋ በጋዜጣ ጠቅልሎ ጃኬቱ ውስጥ ደብቆ ሊያስገባ ሲል እናቴ በር ላይ ያዘችው።

"ጓደኛህን መግደል ከፈለግህ በመኪናህ ግጨው" አለችው። "እሱ ይሻላል። ቶሎ ያልቅለታል።"

"አቦ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየው አጥንቱ ቀረ እኮ!"

"አጥንቱም ቢሆን ይኑርልኝ።"

ጓደኛውም ጋዜጣውን ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ አዲስ ምርመራ ተደረገ። ሐረር ላይ ወረቀቱን የሰጡን ሰዎች የደም ስቡ እንደወረደ ነገሩን፤ በጣም ወርዷል አሉ። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ከዚያ "አልሐምዱሊላህ" እያለች መደጋገም ጀመረች፤ ከሱቁ ደጃፍ ሆና እያለቀሰች እንደሆነ ገባኝ። ስንደርስ ዳቦ አስጋግራ፣ ቴምር ገዝታ፣ መስጊድ በር ላይ ሰደቃ ሰጥታ ጠበቀችን። "አያችሁ?" አለች። "አያችሁ? እየለቀቀው ነው።" አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ ፈገግ አለላት። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ ሄደን እጥበቱ ሳይጋመስ አባቴ ራሱን ሳተ። ግፊቱ ወርዶ የእግሩ ጅማት ተሳስሮ ነበር። ሲነቃ አንዲት ወጣት ሐኪም አጠገቡ ነበረች። ክንዱን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ለካችውና፣ "አባት፣ ምን ምን ይበላሉ?" አለችው።

"ሁሉንም" አለ አባቴ።

"ሁሉንም ማለት?"

"አላህ የሰጠንን።" ከዚያ በትራሱ ሥር ያለውን ወረቀት እንዳሳያት ምልክት ሰጠኝ። "ስቡም ወርዷል" አላት።

ሐኪሟ ወረቀቱን አየች። ደስ ያላት አይመስልም። ወደ እኔ ዞረች። እንደዚያ ሲያዩኝ አንገቴን ነው የምደፋው። ግን ክንዱን እንደያዘች ነበር፤ ጣቶቿ ዞረው ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም።

"ምንም አይበላም" አልኩ። "እማ ቅቤው ነው የገደለው ብላ ሁሉንም ከልክላዋለች። ገንፎና ጎመን ብቻ ነው።"

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ሚስቱን ያጋለጥኩበት ያህል ነበር።

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሐኪም ሲቀመጥ ያን ቀን ነው ያየሁት። "ወፍጮ ቤት አስቢ" አለችኝ። "እህል ተከምሮ ብታዪ ገበሬው ብዙ ስላመጣ ነው ትያለሽ። ወፍጮው ደክሞም ሊሆን ይችላል። ደም ውስጥ ያለ ስብም የሚፈጨው ነገር አለው፤ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ነው ያለው። ኩላሊት ማጣራት ሲያቆም ከሽንት ጋር መውጣት የነበረበት መርዝ ደም ውስጥ ይቀራል። ያ መርዝ ወፍጮውን ያደክመዋል። ስለዚህ አባትሽ ቅቤ በአፋቸው ባይዞርም ስቡ ይከመራል። መርዙ ነው ስቡን ያበዛው።"

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። "ታዲያ ቅቤው አይደለም?"

"ኩላሊትዎን የጎዳው ግፊቱ ነው አባት። ቅቤው አልደፈነዎትም። በልኩ መብላት ይችሉ ነበር።"

አባቴ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር። ድምፅ የለውም፤ ፊቱ ብቻ ነው የተፈታው። "ትሰሚያለሽ?" አለኝ። "ትሰሚያለሽ? ቅቤው አይደለም!"

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር ያስጨነቀኝ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ "መርዙ ካልወጣ፣ ታዲያ ስቡ ለምን ወረደ?" አልኳት።

ሐኪሟ ወረቀቱን አጠፈችው። "የሚከመር እህል ስለሌለ ነው" አለች። "ሰውነታቸው ተርቧል። የራሱን ሥጋ እየበላ ነው። እጥበቱም ከምግቡ የሚወስደው አለ፤ ያንን የሚተካ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወፈር ያለ ምግብ ያስፈልጋቸው ነበር። እጥበት ላይ ያለ ሰው ስቡ እንደዚህ ሲወርድ እኛ ከመጨመሩ ይልቅ መውረዱን ነው የምንፈራው።" ከዛሬ ጀምሮ ምን ምን መብላት እንዳለበት ነገረችኝ። "ሰውነቱ ይመለሳል?" ብዬ ስጠይቃት፣ "እንሞክራለን" አለች። ቃል አልሰጠችኝም።

በመመለሻችን አባቴ መስኮቱን ተደግፎ የተኛ መስሎኝ ነበር። ቁልቢን ስናልፍ ዓይኑን ሳይገልጥ አናገረኝ።

"ቅቤው እንዳልሆነ ንገሪያት። እንደደረስሽ፣ ሳትቀመጪ ንገሪያት።"

"እሺ አባ።"

"ሌላውን ተይው።"

ገብቶኛል። ግን፣ "ካልነገርኳት እንዴት ታበላሃለች?" አልኩት።

"እናትሽን አታውቂያትም? ቅቤ እንዳልሆነ ከሰማች እስክፈነዳ ነው የምታበላኝ።" ዓይኑን ገለጠና፣ "እሷ ደግ ነው ብላ ነው ያደረገችው" አለ። "አንድ ጥፋት ካወረድሽላት ሌላ አትጫኚባት።"

ስንደርስ እናቴ በር ላይ ነበረች። ስለ ወፍጮው ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም።

"ሐኪሟ ናት ያለችው ወይስ አባትሽ ነው ያስጠናሽ?"

"ሐኪሟ ናት።"

"በአላህ በይ።"

"ወላሂ፣ እማ። ቅቤው አይደለም።"

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። ያ ሁሉ ወር ተሸክማው የኖረችው ነገር ከላይዋ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱን ሁሉ፣ "ወፍጮው ነው የደከመው፤ ቅቤው አይደለም" እያለች አስጠናች። አጎንብሳ የምትሄደው ሴትዮ ቀና ብላ መሄድ ጀመረች። እኔም አባቴ ልክ ነበር አልኩ በልቤ፤ ሌላው ይቅር።

የሴቶች አረፋ ደረሰ። ከበዓሉ አንድ ቀን ቀድሞ፣ ሴቶቹ ባለቤት የሆኑበት ቀን ነው፤ ቅቤው ሁሉ የሚወጣው ያን ቀን ነው። የዊጆ ሴቶች ከመውጣቷ በፊት ያዋጣችውን ቆጥረው ድርሻዋን አመጡላት። እናቴ አተካነ ሠራች። ቡላው በነጠረ ቅቤ ተለውሶ፣ አይቡ ተጨምሮበት፣ በትልቅ ጣባ አቀረበችለት። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ አፉን ታይ ነበር።

አባቴ ያኔ ምንም አይሸተውም፣ ምግብም አያምረውም ነበር። ግን ጎረሰ። ደግሞ ጎረሰ።

"ቅቤው እንዴት ነው?" አለችው።

"የሚኤሶ ነው" አለ። "የቆላ ሣር ሽታ አለው።"

እናቴ በእጆቿ ጉልበቶቿን መታች። "አፍንጫህ ተመለሰ! ገና ትድናለህ ብያለሁ እኮ!"

ጣባውን ጨረሰ። እሷ ለጎረቤት ልታደርስ ስትወጣ ከቤቱ ኋላ ያዝኩት። ሁሉንም አስመለሰው። ግንባሩን በእጄ ይዤ፣ በሌላው እጄ ውኃ አፈስለታለሁ። "ድምፅ አታሰሚ" ይለኛል በየመሐሉ። አፉን ከጠረግኩለት በኋላ ገብቶ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት እንደዚያ ነበር። ትሠራለች፣ ይበላል፣ ስትወጣ እንወጣለን። የሚቀርለት ነገር ትንሽ ነበር። ሰውነቱ መቀበል የሚችልበት ጊዜ አልፎ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ለዐሱር ሶላት ሊቀመጥ እናቴ ትራሱን እያስተካከለችለት ሳለ፣ እጇ ላይ ሞተ።

እናቴ ኢዳ ተቀመጠች። ባሏ የሞተባት ሴት ወራቷን እስክትጨርስ ከቤት አትወጣም፤ ሱቁን እኔ ብቻዬን ያዝኩት። ለቅሶ ሊደርሱ ለሚመጡት ሁሉ፣ "ቅቤው አይደለም" እያለች ትነግራቸው ነበር። "የአላህ ነው። ከእኔ ምንም አልጎደለበትም።" ይሄን ስትል ወደ ሱቁ እወጣ ነበር።

የአባቴ ጓደኛ፣ ሾፌሩ፣ ሬሳውን ካጠቡት አንዱ ነበር። አንድ ቀን በራችን ላይ ከጎረቤት ሰው ጋር ቆሞ፣ "አንስቼ ስገለብጠው እኮ ሕፃን ያነሳሁ ነው የመሰለኝ" ሲል እናቴ ከውስጥ ሰማችው። ምሳ አልበላችም። ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ መብራት ሳታበራ ተቀምጣ ነበር።

"ነይ እዚህ ተቀመጪ" አለችኝ። "ያቺ ሐኪም ቅቤው አይደለም አለች። ካልሆነ፣ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የከለከልኩት ምን አደረገው?"

መብራቱን ላበራ ተነሳሁ፤ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

"ስቡ ወረደ ብለን ሰደቃ ሰጥተን አልነበረም? ለምን ወረደ ብለሽ አልጠየቅሽም?"

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። አባቴ እንዳዘዘኝ ሳይሆን እንደለመነኝ ነው የማስበው። ግን እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ነገርኳት። ሰውነቱ ተርቦ እንደነበረ፣ የራሱን ሥጋ ይበላ እንደነበረ፣ ሐኪሟ የፈራችው መውረዱን እንደነበረ ነገርኳት። ድምፄ እየጠፋ ነበር፤ እሷም አላቋረጠችኝም።

"እሱ ሰምቶ ነበር?" አለች።

"ሰምቷል። አትንገሪያት ያለኝ እሱ ነው።"

"እንዲያ ከሆነ ያን አተካነ…" አለችና ተወችው። ፊቴን ለቀቀችኝ። "ያስመልሰው ነበር፣ አይደል?"

"አዎ፣ እማ።"

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። "ቢነግረኝ ምን ነበር" አለች። "ሰው ሊሞት ሲል አውፍ ይባባላል፤ ይቅር ይባባላል። አውፍ በለኝ እለው ነበር። ሊያተርፈኝ ብሎ ይሄን ነሳኝ። አሁን ለማን ልበል?"

ጨለማው ውስጥ እጇ እጄን ፈልጎ አገኘው።

"አንቺ የእሱ ነሽ" አለች። "አንቺ አውፍ በይኝ።"

እናት ልጇን እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ትጠብቀኝ ነበር፤ እጄንም አልለቀቀችውም።

"ብያለሁ፣ እማ" አልኳት።

ያልኩት ስለ አባቴ ሆኜ ይሁን ስለ ራሴ፣ እስካሁን አላውቅም።